ሥጋ የጫነ ጀልባ
(የአንባብያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከሰሜን ሸዋ የመጡ ናቸው። ሐይቅ በቅርብ የሌለው ሰው ስለ ጀልባ ሲጠይቅ አንድ ምክንያት አይጠፋውም፤ ወይ ልጁ ውጭ አገር ነው፣ ወይ ለጉብኝት ሊወጣ ነው፣ ወይ የጀማ ወንዝ መንገዱ ላይ ተጋርጦበታል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፊ ስለሆነ አብዛኛውን ቦታ እሱ ወስዷል።

ጥያቄ፦ ልጄ ካናዳ፣ ቶሮንቶ ነው የሚኖረው። በጥቅምት ከሥራ ጓደኞቹ ጋር ወደ ሰሜን ኦንታሪዮ ሄደው ሙስ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ሊያድኑ ነው። መኪና የማይገባበት ሐይቅ ስለሆነ በትንሽ ጀልባ ተሻግረው ማዶ ድንኳን ይተክላሉ። ስልክም አይሠራም አለኝ። ተወልዶ ያደገው እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ ዋና አይችልም። «እማዬ፣ የሚያስፈራው ድቡ ነው፣ እሱም ሰው ካየ ይሸሻል» ይለኛል። እኔን ግን ያስፈራኝ ውሃው ነው። ምን ብዬ ልምከረው? ደግሞስ የዚህ እንስሳ ሥጋ ይበላል?
ወ/ሮ አ.፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ ወ/ሮ አ.፣ የፈሩት የሚፈራውን ነው። አዳኝ ድብን ይጠብቃል፣ ጀልባውን ግን ይረሳል። ሐሳቡ ሁሉ ጠመንጃው ላይ ስለሆነ ራሱን እንደ ጀልበኛ አይቆጥርም፤ ስለዚህ ወፍራም ልብስና ከባድ ቦት ጫማ አድርጎ ይሳፈራል፣ ውሃው በቀዘቀዘበት ወቅት ይወጣል፣ ሲመለስ ደግሞ ሲሄድ ያልነበረ ጭነት ይጭናል።

ከጭነቱ እንጀምር፤ ብዙ ሰው የማያሰላው እሱን ነው። የአላስካ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት በሚሰጠው ግምት 725 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ወንድ ሙስ ሆድ ዕቃው ከወጣ በኋላ 430 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ንጹሕ ሥጋው ብቻ 225 ኪሎ አካባቢ ነው። የኦንታሪዮው ሙስ ከአላስካው ያንሳል፣ ቢሆንም የሁለት ሦስት ሰው ክብደት ያህል ሥጋ መጠበቅ አለባቸው።

አሁን ጀልባውን እንይ። እንዲህ ላለው ጉዞ የሚወሰደው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው። ስንት ሰው፣ በጠቅላላው ስንት ኪሎ፣ ስንት ፈረስ ጉልበት ሞተር እንደሚችል የሚገልጽ ትንሽ ሰሌዳ ተለጥፎበታል። ሰሌዳው 450 ኪሎ ይላል እንበል። ሦስት ሰዎች ከነልብሳቸው 85 ኪሎ፣ 85 ኪሎ ቢሆኑ 255 ነው። 15 ፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር 50 ኪሎ ገደማ፣ 25 ሊትር ቤንዚን ከነመያዣው 22፣ ድንኳንና መኝታ፣ ስንቅና ጠመንጃ 80። ድምሩ 407 ይመጣል። የቀረው 43 ኪሎ ነው፤ የአንድ ትልቅ ሙስ የኋላ እግር ከነአጥንቱ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል። በዚያ ላይ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ለረጋ ውሃ ነው፤ ነፋስ ካለ ከእሱም ዝቅ ማለት ይገባል።

ስለዚህ ሥጋው በምልልስ መመላለስ አለበት። በአንድ ጉዞ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ፊት ይቀመጣል፣ ከ120 እስከ 150 ኪሎ ሥጋ ይጫናል። ሦስተኛው ሰው ዳር ላይ ይቀራል፤ የሚቀረው ግን ባዶ እጁን አይደለም። ክብሪት፣ መጥረቢያ፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምግብና የመገናኛ መሣሪያ አብረውት ይቀራሉ፤ ነፋስ ከተነሣ ጀልባው ተመልሶ የሚወስደው በማግሥቱ ሊሆን ይችላልና። ይህን ሳያዘጋጁ ሰው ትቶ መሄድ ነው ኋላ «ጓደኛችን በብርድ ሊሞት ነው» ተብሎ በማዕበል ውስጥ ለመሻገር የሚያስገድደው።

አጫጫኑ እንዲህ ነው። ሥጋው አየር በሚያስገባ የጨርቅ ከረጢት ሆኖ በጀልባው ወለል ላይ፣ መሐል ለመሐል ይቀመጣል። አግዳሚ መቀመጫ ላይ የተጫነ ከባድ ነገር ጀልባውን ከላይ ያከብደዋል፤ ትንሽ ዘንበል ሲል ወደ ቀጥታው አይመለስም። ከውሃው ወለል እስከ ጀልባው ጠርዝ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል መቅረት አለበት፤ ከዚያ ካነሰ አንድ ማዕበል ይገባል፣ የገባው ውሃ ወደ አንድ ጎን ይሮጣል፣ ሁለተኛው ማዕበል ይጨርሰዋል። ስለዚህ ውሃ መቅጃ ጣሳ ወይም ግማሹ የተቆረጠ ባለ 4 ሊትር ጀሪካን በገመድ ታስሮ ከነጂው እጅ አጠገብ ይሁን። ቀንዱ ሰፊና እንደ መዳፍ የተዘረጋ ስለሆነ ብዙዎች ለማሳየት ሲሉ ከፊት ላይ ያስሩታል። ከፊት ያለ ቀንድ ነፋስ ይይዛል፣ የነጂውን ዓይን ይጋርዳል። ወለሉ ላይ፣ ሹል ሹሉ በጆንያ ተሸፍኖ ይጓዝ። ለአደጋ ጊዜ የሚያስፈልገው ዕቃ የተያዘበት ከረጢት ጀልባው ላይ ይታሰር፤ ሥጋው ግን አይታሰር። ጀልባው ቢገለበጥ ሥጋው ወጥቶ ይሂድ፣ ጀልባው ቀልሎ ይንሳፈፍ።

ቀጥሎ የቅዝቃዜው ጉዳይ። በጥቅምት የሰሜን ኦንታሪዮ ሐይቅ ውሃ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል፤ ወደ ኅዳር ሲጠጋ ዳር ዳሩ በረዶ ይይዛል። ልጅዎ የደብረ ብርሃንን ውርጭ ስለሚያውቅ ብርድ አይበግረኝም ይል ይሆናል። ውሃ ግን በአንድ ዓይነት ሙቀት ካለ አየር ይልቅ የሰውነትን ሙቀት 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። በማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ስለ ቅዝቃዜ ያጠኑት ፕሮፌሰር ጎርደን ጊስብረክት ያስፋፉት አቆጣጠር ለማስታወስ ቀላል ነው፦ 1 ደቂቃ፣ 10 ደቂቃ፣ 1 ሰዓት። በመጀመሪያው ደቂቃ ሰውየው ሳይፈልግ በኃይል ይተነፍሳል፤ ያኔ ፊቱ ውሃ ውስጥ ካለ ውሃ ይስባል፣ በቃ። ቀጥሎ ባሉት 10 ደቂቃዎች ጣትና ክንድ እየደነዘዙ ይሄዳሉ፤ ዚፕ መክፈት፣ ገመድ መጨበጥ፣ መዋኘት የሚቻለው እዚያ ድረስ ነው። ራስን እስከ መሳት የሚያደርሰው የሰውነት መቀዝቀዝ 1 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ብርዱ ገና ሳይገድለው ነው ብዙው ሰው የሚሰጥመው። ስለዚህ የሚያወጣው ዋና መቻሉ ሳይሆን ያን የመጀመሪያ ደቂቃ አፉን ከውሃ በላይ የሚይዝለት የሕይወት አድን ሰደርያ ነው። ዋና የሚችሉት ጓደኞቹም ከዚህ አያመልጡም።

የሕይወት አድን ሰደርያው የሚለበሰው ገና ከዳር ሳይነሡ ነው፤ ከመቀመጫ ሥር ተጎዝጉዞ የሚቀመጥ ሰደርያ ከወደቁ በኋላ አይለበስም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው ሪፖርት በጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱት መካከል ከ10ሩ 8ቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ሰደርያ ያልለበሱ ናቸው። ለአዳኝ የምንመርጠው በስፖንጅ የተሞላውን ነው፤ ሙቀትም ይሰጣል፣ በጋዝ እንደሚነፋው ሰደርያ ጋዝ አልቆ አይከዳም። ከካፖርቱ በላይ ይለበስ፣ ማሰሪያው በሙሉ ይቆለፍ። ከውስጥ ሱፍ ወይም ፍሊስ (ሱፍ መሰል ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ይልበስ፤ ጥጥ ከራሰ ሙቀት አይዝም። እስከ ደረት የሚደርስ የፕላስቲክ ሱሪ የሚያደርግ ከሆነ ወገቡ ላይ ቀበቶ ጠበቅ አድርጎ ይሰር። ውሃ የሞላው ሱሪ ወደ ታች አይጎትትም፣ ግን ወደ ጀልባው ልውጣ ሲሉ ከውሃው በላይ የሚነሣው ክብደት እሱ ነው።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ሐይቅ በአብዛኛው ጎሕ ሲቀድ ይረጋል፣ ረፋዱ ላይ ነፋስ ይነሣበታል። የተጫነ ጀልባ ማለዳ ይሻገር። መሐል ለመሐል ከመቁረጥ ዳር ዳሩን መሄድ መንገድ ያስረዝማል፣ ግን ዳሩ 50 ሜትር ላይ ነው። ማዕበል ከመጣ ፊቱን ትንሽ ሰያፍ አድርገው ቀስ ብለው ይግቡበት፤ ጎኑን ከሰጡት ያንከባልለዋል፣ ከኋላ ሲመጣ ደግሞ ሞተሩ በተቀመጠበት ዝቅተኛ ጠርዝ ይገባል። ሐይቁ መሐል ላይ የማዕበሉ ጫፍ ነጭ አረፋ ከያዘ የዚያን ቀን አይሻገሩ። ሥጋው በብርድ አገር እንጨት ላይ ተሰቅሎ አንድ ቀን ቢያድር አይበላሽም።

የሞተሩን ማጥፊያ ገመድ ነጂው እጁ አንጓ ላይ ወይም ሰደርያው ላይ ያስር። ነጂው ከወደቀ ሞተሩ ይጠፋል፤ ካልታሰረ ባዶው ጀልባ ክብ እየዞረ የወደቀውን ሰው በሽክርክሪቱ ይመታዋል። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2021 (እንደ አውሮፓውያኑ) ጀምሮ በትናንሽ ሞተር ጀልባዎች ላይ ይህን ገመድ መጠቀም ግዴታ ሆኗል። ካናዳ ደግሞ ከ6 ሜትር በታች ለሆነ ጀልባ በእያንዳንዱ ሰው ልክ ሰደርያ፣ የሚንሳፈፍ 15 ሜትር መወርወሪያ ገመድ፣ መቅዘፊያ ወይም መልሕቅ፣ ውሃ መቅጃ፣ ፊሽካና የእጅ ባትሪ ትጠይቃለች። ሞተር ጀልባ የሚነዳውም የብቃት ካርድ ሊኖረው ይገባል።

ጠመንጃው ከነጥይቱ ጀልባ ላይ አይወጣም። በኦንታሪዮ ሕግ ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ በሞተር ጀልባ ላይ መያዝ የተከለከለ ነው፤ በውሃ እየዋኘ ያለ ሙስ መተኮስም እንዲሁ። ሕጉ ባይኖርም ቆሞ ወደ ጎን የተኮሰ ሰው ከጠመንጃው ርግጫ ጋር ሚዛኑን ይስታል። ቆሞ ስለመሽናትም እናንሳ፤ ያሳፍራል እንጂ ከትንሽ ጀልባ የሚወድቁ ወንዶች አንዳንዶቹ ለዚሁ ሲነሡ ነው። ጣሳ ይያዙ።

ቢገለበጥስ? ጀልባውን አይልቀቅ። ማዶው ቅርብ ቢመስልም በዚያ ቅዝቃዜ ልብስ ለብሶ የሚደረስ አይደለም። የመጀመሪያውን ደቂቃ ምንም ሳይሞክር ጠርዙን ይዞ ይተንፍስ። ትንፋሹ ሲረጋ፣ ጣቱ ገና ሲታዘዘው፣ ወደ ጀልባው ይውጣ። በጎን ሳይሆን ከኋላ በኩል፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከሽክርክሪቱ በላይ ባለው ጠፍጣፋ ብረት ላይ እግሩን አድርጎ። ጀልባው ውሃ ሞልቶም ቢሆን፣ ተገልብጦም ቢሆን ላዩ ላይ ይውጣ፤ ከውሃ የወጣው የሰውነት ክፍል ሁሉ ትርፍ ነው። መውጣት ካልቻለ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ፣ ክንዱን ከጎኑ አጣብቆ ይጠብቅ።

ከውሃ የወጣን ሰው አጋድሞ፣ እርጥቡን ልብስ ቢቻል በመቀስ ቀድዶ ማውለቅ፣ ማድረቅ፣ መጠቅለል፣ ከመሬት የሚለየው ነገር ማንጠፍ። እጅና እግሩን ማሸት እኛ ዘንድ የተለመደ ነው፣ ግን ቀዝቃዛውን ደም ወደ ልብ ስለሚመልስ አደገኛ ነው። አረቄም አይሆንም፤ የቆዳን ደም ስሮች ከፍቶ የተረፈውን ሙቀት ያስወጣል። በደንብ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ ብዙ ስኳር ያለው ሙቅ ሻይ ይበቃዋል።

ለእርስዎ የሚቀረው ይህ ነው። ልጅዎ ከመሄዱ በፊት የሐይቁን ስም፣ ጀልባው ከየት እንደሚነሣ፣ ቀለሙን፣ የሰዎቹን ስም፣ የሚመለሱበትን ቀንና «እስከዚህ ሰዓት ካልደወልን ለፖሊስ አሳውቁ» የሚልበትን ሰዓት ይጻፍ። ወረቀቱን የሚይዘው እዚያው ካናዳ ያለ ሰው ይሁን፤ ከኢትዮጵያ 911 ደውሎ የካናዳን ድንገተኛ ጥሪ ማግኘት አይቻልም። እርስዎ ቅጂውንና የዚያን ሰው ስልክ ይያዙ። ልጅዎና ጓደኞቹ የሳተላይት መልእክት መላኪያም ይከራዩ። በቶሮንቶና በእኛ መካከል የ7 ሰዓት ልዩነት አለ፤ በእነሱ ኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ጀምሮ 8 ይሆናል። «ማታ እደውላለሁ» ካለዎት ለእርስዎ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ማለት ነውና እኩለ ሌሊት ላይ ስልኩ ዝም ቢል አይደንግጡ።

ሥጋውን በተመለከተ፣ ሙስ የተሰነጠቀ ሰኮና ያለውና የሚያመሰኳ እንስሳ ነው፤ ከአጋዘን ወገን ነው። ስለ አስተራረዱና ስለ ጾሙ የነፍስ አባቱን ይጠይቅ።

ጥያቄ፦ የወጣቶች ማኅበራችን ወሎ፣ ሐይቅን ሊጎበኝ ነው። ጀልባ ላይ የሚሰጡን ሰደርያዎች ቀለማቸው የለቀቀ ነው። ደህና መሆኑን በምን እናውቃለን?
መ.፣ ከሸዋ ሮቢት

መልስ፦ ቀለም ብቻውን ምንም አይደለም፤ ፀሐይ ያነጣው ጨርቅ ግን በጣት ሲጎተት ከተቀደደ አይለበስም። ውስጡ ያለውን ስፖንጅ ጨብጣችሁ ልቀቁት። ቶሎ ካልተመለሰ ወይም ሲታሽ እንደ ፍርፋሪ ከሆነ ሞቷል። ማሰሪያዎቹን ቆልፋችሁ በኃይል ጎትቱ። ከውስጥ በኩል ኪሎና ኒውተን (የመንሳፈፍ ኃይል መለኪያ) የተጻፈበት ምልክት ፈልጉ፦ 50 ኒውተን የተጻፈበት ዋና ለሚችል ሰው ማገዣ ነው፤ ዋና ለማይችል 100 እና ከዚያ በላይ፣ አንገት ላይ ትራስ ያለው ይሁን፣ ፊትን ወደ ላይ የሚያዞረው እሱ ነውና። ከለበሳችሁ በኋላ ጓደኛችሁ ትከሻው ላይ ይዞ ወደ ላይ ያንሣው፤ ጆሮ ድረስ ከወጣ ሰፍቷል፣ ውሃ ውስጥም እንደዚያው ወጥቶ ይሄዳል።

ሰደርያው ለሁሉም ካልዳረሰ በሁለት ዙር ሂዱ። ፎቶ ለመነሣት ሁላችሁም ወደ አንድ ጎን አትነሡ፤ የጉብኝት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጋድለው በዚያች ቅጽበት ነው። ለመወርወሪያ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በደንብ ከድናችሁ፣ 15 ሜትር ገመድ አስራችሁ ያዙ። ጥቂት ውሃ ጨምሩበት፣ ባዶው በነፋስ ስለሚመለስ ሩቅ አይወረወርም። የአንድን ሰው ራስ ከውሃ በላይ ለመያዝ 5 ኪሎ ያህል የመንሳፈፍ ኃይል ይበቃል።

ጥያቄ፦ ቆቃ ላይ ከዘመዶቼ ጋር ዓሣ ለማጥመድ እወጣለሁ። ጉማሬ ስናይ ሞተር አጥፍተን ዝም እንበል ወይስ እንሩጥ?
ከአረርቲ

መልስ፦ ሞተር አታጥፉ። ጉማሬ የሚያጠቃው ብዙ ጊዜ በድንገት ሲደርሱበት ነውና ድምፃችሁን ይስማ። ዞር ብላችሁ ራቁ፤ በእሱና በጥልቁ ውሃ መካከል ግን በጭራሽ አትግቡ፣ የሚሸሸው ወደዚያ ነው። ከታየበት ቦታ ጠልቆ ከጠፋ የት እንደሚወጣ አይታወቅምና ወደዚያ አትጠጉ። ማታና ንጋት ሣር ለመጋጥ ወደ ዳር ስለሚወጣ በእነዚህ ሰዓቶች ደንገል መሐል ጀልባ አትግፉ። አዞም ስላለ እጅና እግር ውሃ ውስጥ ነክሮ መቀመጥና ዓሣ ዳር ላይ ማጽዳት ይቅር።

ጥያቄ፦ በክረምት ጀማን በመኪና የውስጥ ጎማ የሚያሻግሩ ልጆች አሉ። አስተማማኝ ነው?
ከዓለም ከተማ

መልስ፦ በክረምት አይደለም። ጎማው ይንሳፈፋል፣ ችግሩ ወንዙ ነው። ሸለቆው ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ደጋ የዘነበው ከሰዓታት በኋላ ይደርሳል፣ ድንጋይና ግንድ ይዞ። በጋ ላይም ቢሆን ከመግባታችሁ በፊት ውሃው ጫፍ ላይ እንጨት ትከሉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። እንጨቱ ከተዋጠ፣ ውሃው ከደፈረሰ ወይም ገለባና ቅጠል መውረድ ከጀመረ ወደ ዳር ውጡ።

በእግር ሲሆን ከጉልበት በላይ የሆነ ፈጣን ውሃ አይደፈርም። ፊታችሁን ወደ ላይኛው ፍሰት አዙሩ፣ በትር ተደገፉ፣ ሦስት ሆናችሁ ትከሻ ተያይዛችሁ በጎን ተራመዱ። ገመድ ወገብ ላይ አትሰሩ፤ ሲወጠር ውሃው ወደ ታች ይደፍቃችኋል፣ ፈትቶ ለማምለጥም አይቻልም። ገመዱ በእጅ ይያዝ። የሸክማችሁን ማንገቻ ፈትታችሁ በአንድ ትከሻ ብቻ ያዙት። ውሃ ከወሰዳችሁ በጀርባ ተኙ፣ እግራችሁን ወደሚፈስበት አስቀድሙ፣ በክንዳችሁ ወደ ዳር በሰያፍ ቅዘፉ። አህያ ወይም በቅሎ ስታሻግሩ ከእሷ በላይ በኩል ሁኑ፤ ከታች በኩል ያለውን ሰው ስትወድቅ ከነጭነቷ ትጫነዋለች።